ጨርቁን የያዘችው መመሪያውን ትስማ

ሙቀቱ ሊበረታ ሲል በባሕረ ሰላጤው አገሮች ብዙ ቤተሰብ የመኪናውን መስታወት ቲንት ያስለጥፋል። ባለመኪናው ጠዋት መኪናውን ሱቅ ይተዋል፤ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ይረከባል። ሲረከብ የሱቁ ሠራተኛ ሁለት ሦስት ነገር ይነግረዋል፦ ለጥቂት ቀናት መስታወቱን አታውርድ፣ ከውስጥ አትጥረግ፣ አሞኒያ ያለበት ማጽጃ አታስነካው። ባለመኪናው «ጠይብ» ብሎ ሒሳቡን ይከፍልና ይሄዳል።

በማግሥቱ ባልዲና ጨርቅ ይዛ ወደዚያ መኪና የምትወጣው ግን እሱን አይደለችም። ሹፌር በሌለባቸው ቤቶች፣ አንዳንዴም ባለባቸው፣ መኪና ማጠብ የቤት ሠራተኛዋ ድርሻ ሆኗል። እሷ ስለ ቲንቱ የሰማችው ነገር የለም። መስታወቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ታያለች፤ «አልጸዳም» እንዳትባል አጥብቃ ትጠርጋለች። ወይም አቧራውን ለማራገፍ መስታወቱን ዝቅ ታደርጋለች። ያኔ የቲንቱ ጠርዝ ይላጣል፣ ይጨማደዳል። ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ «አበላሸሽው፤ ከደመወዝሽ ይቆረጣል።»

የኔ አቋም አጭር ነው። አንድ ዕቃ የተለየ ጥንቃቄ የሚፈልግ ከሆነ፣ መመሪያው ገንዘቡን የከፈለው ሰው ዘንድ ቀርቶ መዋል የለበትም፤ ጨርቁን የያዘችው ዘንድ መድረስ አለበት፣ እሷ በምትሰማው ቋንቋ። መመሪያው ሳይነገራት የተበላሸን ነገር ከደመወዟ መቁረጥ ፍትሕ አይደለም።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ የመኪና መስታወት ነው። ነገር ግን ሙቀት ይከላከላል የሚባለው ጥሩ ቲንት ለአንድ ሙሉ መኪና ሲለጠፍ ዋጋው ከአንዲት የቤት ሠራተኛ የወር ደመወዝ በላይ ሊሆን ይችላል። ለባለቤቱ የአንድ ቀን ንዴት ነው። ለእሷ ግን ለእናቷ የማይላክ የወር ገንዘብ፣ ለልጇ የማይከፈል የትምህርት ቤት ክፍያ ነው።

በአስተርጓሚነት ሥራዬ እንዲህ ያለ ክርክር ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ዕቃው ይለያያል፤ አንዴ ምንጣፍ፣ አንዴ የማይጣበቅ መጥበሻ፣ አንዴ የመኪና ቲንት። ሁለቱ ቃሎች ግን አይለወጡም። አሠሪዋ «አበላሸችው» ትላለች፤ ሠራተኛዋ «ማንም አልነገረኝም» ትላለች። ብዙ ጊዜ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ማን ዋሸ ብሎ መጠየቅ የትም አያደርስም። መመሪያው የት ላይ ቆመ ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

መመሪያው ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ቲንቱ እንዴት እንደሚለጠፍ ማወቅ ይጠቅማል። ቲንት ስስ ፕላስቲክ ነው፤ በአንድ ጎኑ ማጣበቂያ አለው። የሚለጠፈው በመስታወቱ የውስጥ ገጽ ላይ ነው። ለጣፊው መስታወቱን ሳሙና በነካው ውሃ ያረጥበዋል፤ ፕላስቲኩን ያስቀምጥና በጎማ መጥረጊያ እየገፋ ውሃውን ያስወጣል። የቱንም ያህል ቢገፋ ግን ጥቂት እርጥበት በፕላስቲኩና በመስታወቱ መካከል ይቀራል። ያ እርጥበት ቀስ እያለ ተንኖ እስኪያልቅ ማጣበቂያው በሚገባ አይዝም።

ይህ ቀናት ይወስዳል፣ አንዳንዴም ሳምንታት። ፀሐይና ሙቀት ያፋጥኑታል፤ ስለዚህ በዚህ አገር ሙቀት ከቀዝቃዛ አገር ይልቅ ቶሎ ይደርቃል። ወፍራም ቲንት ግን ይዘገያል። አብዛኞቹ ለጣፊዎች መስታወቱ ከሁለት እስከ አምስት ቀን እንዳይወርድ ይመክራሉ፤ ከውስጥ ለመጥረግ ደግሞ ሳምንታት፣ አንዳንዶቹም እስከ 30 ቀን እንዲቆይ ይላሉ። ትክክለኛው ቁጥር ለዚያ መኪና የለጠፈው ሱቅ የተናገረው ነው፤ በደረሰኙ ወይም በዋስትና ካርዱ ላይ ሊጻፍም ይችላል።

በነዚያ ቀናት መስታወቱ ላይ የሚታየው ነገር ያስደነግጣል። እንደ ጭጋግ ይደበዝዛል፤ እዚህም እዚያም ትናንሽ የውሃ ቋጠሮዎች ይታያሉ። ይህ ቆሻሻ አይደለም። ማጣበቂያው እየደረቀ ነው ማለት ነው። በጣት መጫን፣ በጥፍር መግፋት ወይም በመርፌ መብሳት አያስፈልግም፤ አብዛኛው በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ትጉህ ሠራተኛ የምትጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ ሥራዋ የታየን ነገር ማጥፋት ስለሆነ ያየችውን ለማጥፋት ትታገላለች። ምንም ሳትነካው ያለፈችው ሰነፍ ያዳነችውን፣ ታታሪዋ ታበላሸዋለች።

ከደረቀ በኋላም ቲንት እንደ ተራ መስታወት አይጠረግም። አገር ቤት መስታወት በጋዜጣ ማሸት ልማዳችን ነው፤ ለባዶ መስታወት ጥሩ ነው፣ ለቲንት ግን ይጭረዋል። ሽቦ፣ ሸካራ ስፖንጅና ምላጭም እንዲሁ። የሚፈለገው ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ነው፤ ማይክሮፋይበር የሚባለው ቢሆን ይመረጣል። ውሃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና መጨመር ይበቃል። ፈሳሹን መስታወቱ ላይ ከመርጨት ጨርቁ ላይ መርጨት ይሻላል፤ መስታወቱ ላይ ሲረጭ ወደ ጠርዙ ይወርድና ከቲንቱ ሥር ይገባል፣ በሩ ላይ ያሉትን የመስታወት ቁልፎችም ያረጥባል። ከውጭ በኩል ግን ችግር የለም። ቲንቱ ከውስጥ ስለሆነ መስታወቱ ተዘግቶ መኪናውን ከውጭ ማጠብ ይቻላል።

ትልቁ ጠላት አሞኒያ ነው። ብዙ የመስታወት ማጽጃ ውስጥ ይገኛል፤ ቲንቱን ያደበዝዘዋል፣ ቀለሙን ያለቅቀዋል፣ እያደርም ያደርቀዋል። ይህ መመሪያ ለመስታወቱ ብቻ ሳይሆን ለናንተም ነው። በሩ በተዘጋ መኪና ውስጥ ተቀምጦ አሞኒያ መርጨት ዓይንና ደረት ያቃጥላል። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር በረኪና ወይም ክሎሮክስ መቀላቀል ደግሞ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል፤ በቤትም በመኪናም ፈጽሞ አታድርጉት።

ልጆች ያሉበት ቤት ሌላም ነገር አለ። መስታወቱ ላይ በጎማ የሚጣበቅ የፀሐይ መከለያና የልጆች ስቲከር አዲስ ቲንት ላይ ሲለጠፉ፣ በሚነሱበት ጊዜ ቲንቱን ይዘው ይነሳሉ። ልጁ ለጥፎት እሷ ስታነሳው ቢላጥ፣ ጥፋቱ የማን እንደሚባል መገመት አያቅትም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ በሁለት ደቂቃ ተነግሮ የሚያልቅ ነገር ነው። ለምን አይነገርም? አንዱ ምክንያት ግድ የለሽነት ነው፤ እሱን አልክድም። ሌላው ግን ቋንቋ ነው፤ ይኸኛው ከምናስበው በላይ ጥልቅ ነው።

እኔ ዐረብኛን በዩኒቨርሲቲ የተማርኩ ሰው ነኝ። በመጽሐፍ የተማርነው ዐረብኛ መስታወትን «ዙጃጅ»፣ መስኮትን «ናፊዛ» ይላል። በዚህ አካባቢ ቤት ውስጥ ግን የመኪናው መስታወት «ጃም» ነው፤ መስኮቱ «ደሪሻ» ነው። ቲንቱን ራሱን አንዱ «ተዝሊል» ይለዋል፣ ኤምሬቶች ውስጥ «መኽፊ» ሲባል ትሰማላችሁ፣ ሙቀት የሚከላከለው ደግሞ «ዓዚል ሐራሪ» ነው። ለአንድ ነገር ይህን ያህል ስም ካለው፣ ሦስት ወር የቆየች ልጅ ማዳም የተናገረችው ስለ መስታወቱ ይሁን ስለ ሌላ በምን ትለየዋለች?

ከሁሉም የሚያስቸግረው «በጥል» የሚለው ቃል ነው። በባሕረ ሰላጤው ዐረብኛ «በጥሊ» ማለት «ክፈቺ» ነው። ስለዚህ «ላ ትበጥሊን አል-ጃም» ስትባሉ «መስታወቱን አትክፈቺ» መባላችሁ ነው። ከእህቶቻችን አንዳንዶቹ ግን ወደዚህ የመጡት ቤይሩት ሠርተው ነው። በሊባኖስ «በጥል» ማለት «ተወ፣ አቆመ» ነው። «አትበጥሊ» የተባለች ከቤይሩት የመጣች ሠራተኛ «አታቁሚ፣ ቀጥዪ» የተባለች ቢመስላት አይፈረድባትም። ማዳም በእርግጥ ተናግራለች። ሠራተኛዋም በእርግጥ ሰምታለች። የሰማችው ግን የተነገረውን ተቃራኒ ነው። በእንዲህ ያለ ሁኔታ «ነግሬያት ነበር» የሚለው ቃል ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይገባም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የባሕረ ሰላጤ አገሮች ባለፉት ዓመታት የቤት ሠራተኞችን የሚመለከት ሕግ አውጥተዋል፤ ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015፣ ኳታር በ2017፣ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች በ2017 ከዚያም በ2022። ሳዑዲ ዐረቢያ በ2013 ያወጣችው ደንብ፣ አሁን በአዲስ ቢተካም፣ ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅም ቃል ነበረበት። ከደመወዝ ሊቆረጥ የሚችልባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር፣ ስለ ብልሽት የጻፈው ሠራተኛው ሆን ብሎ ወይም በቸልተኝነት ያጠፋውን ነው። ያም ሆኖ የሚቆረጠው ከደመወዙ ግማሽ እንዳያልፍ ወስኖ ነበር።

በዐረብኛው ቸልተኝነት «ኢህማል» ነው። የቃሉ ሥር ያለ እረኛ ተለቅቆ የሚንከራተትን ግመል ለመጥራትም ያገለግላል። ምሳሌው ጥሩ ነው። ግመሉ ቢጠፋ ቸልተኛ የሚባለው እንዲጠብቅ ተነግሮት የተወው እረኛ ነው። ግመል መኖሩን እንኳ ያልሰማ መንገደኛ ቸልተኛ አይባልም። ቲንት አዲስ መለጠፉን፣ ስንት ቀን እንደሚቆይና በምን እንደሚጠረግ ያልተነገራት ሠራተኛም እንደዚያው ናት። ልትተወው የምትችለው አደራ አልተሰጣትም።

«እሷስ ለምን አልጠየቀችም?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ጥያቄ መጠየቅ በሁሉም ቤት እኩል ቀላል አይደለም። «ይህን እንኳ አታውቂም?» ተብላ የተቆጣች ልጅ ሁለተኛ ጊዜ ለመጠየቅ ትፈራለች። መኪናውም የሷ አይደለም፣ ሱቅ የሄደችውም እሷ አይደለችም፤ ቲንት መለጠፉን በምን አውቃ ትጠይቃለች? የመናገር ግዴታው የሚጀምረው ከሚያውቀው ሰው ነው። ሱቁ ለባለመኪናው ነገረ፤ ባለመኪናው ደግሞ ለምታጥበው መንገር አለበት።

ሱቆቹም ድርሻ አላቸው። ብዙዎቹ የመስታወቱ ቁልፍ ላይ ማስጠንቀቂያ ፕላስተር ይለጥፋሉ፤ ጥሩ ልማድ ነው። ያ ፕላስተር ግን ብዙ ጊዜ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ነው። መኪና የሚያጥቡት ሰዎች የሚያነቡት አማርኛ፣ ቤንጋሊ፣ ኡርዱ፣ ታጋሎግ መሆኑን ሱቁ ያውቃል። «መስታወቱን አታውርዱ። ከውስጥ አትጥረጉ። እስከዚህ ቀን ድረስ» የሚል ሦስት መስመር በየቋንቋው ማሳተም፣ አንድ መኪና ደግሞ ከመለጠፍ ይረክሳል። ጽሑፍ ባይኖር እንኳ የተሰረዘ የመስታወት ሥዕልና አንድ ቀን ይበቃሉ።

ይህ ጽሑፍ ግን በአማርኛ ስለሚወጣ ማዳምም ባባም አያነቡትም። የምታነቡት እናንተ ናችሁ። ኃላፊነቱ የነሱ ሆኖ ኪሳራው የናንተ በሆነበት ቦታ፣ ራስን መጠበቅ ይቀድማል። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። ስለዚህ መኪናው ከቤት ወጥቶ ከዋለ፣ መስታወቱ ከትናንቱ የጠቆረ ወይም የደበዘዘ ከመሰላችሁ፣ ባልዲውን ከማንሳታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ።

«መታ ረከብቱ አል-መኽፊ?» ማለት «ቲንቱን መቼ ነው ያስለጠፋችሁት?» ነው። «ዓዲ አበጥል አል-ጃም?» ማለት «መስታወቱን ብከፍት ችግር የለም?» ነው። «ዓዲ አምሰሕ ሚን ዳኽል?» ማለት «ከውስጥ ብጠርግ ችግር የለም?» ነው። «ብአይ ሸይ አምሰሕ?» ማለት ደግሞ «በምን ልጥረግ?» ነው። በምትሠሩበት ቤት ቲንትን በሌላ ስም ከጠሩት የነሱን ስም ተጠቀሙ። መልሱ ካልገባችሁ በእጃችሁ አሳዩ፤ መስታወቱን ወደ ታች የማውረድ ምልክት አሳይታችሁ «አዎ ወይስ አይ?» ማለት ከቃል በላይ ይሠራል።

ማጽጃ ስትመርጡ ጠርሙሱን አንብቡ። «ኻሊ ሚነል አሙንያ» የሚል ካለ አሞኒያ የለበትም ማለት ነው። «የሕተዊ ዐላ» ማለት «ይዟል» ነው፤ ከሱ ቀጥሎ «አሙንያ» ወይም «ኑሻዲር» ከመጣ አስቀምጡት። ዐረብኛ ማንበብ የማትችሉ የጠርሙሱን ፎቶ አንስታችሁ ለሚያነብላችሁ ሰው ላኩ።

ከሁሉም በላይ መልሱ እንዲቀመጥ አድርጉ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ማዳም በዋትስአፕ በድምፅ ወይም በጽሑፍ እንድትልክላችሁ በትሕትና ጠይቁ፤ «እንዳልረሳው ነው» ማለት በቂ ነው። ስለ መኪናው ብቻ አይደለም፤ አዲስ ምንጣፍ፣ አዲስ ምድጃ፣ አዲስ የዕብነ በረድ ወለል ሲገባም እንዲሁ አድርጉ። ስልክ የማይፈቀድበት ቤት ያላችሁ ቀኑንና የተባላችሁትን ደብተር ላይ መዝግቡ።

ጉዳቱ ቀድሞ ደርሶ ከሆነስ? መጀመሪያ ምንም አትንኩ። የተላጠውን መልሶ ለመለጠፍ ሙጫ መቀባት ወይም ጨርሶ መላጥ ነገሩን ያብሰዋል፤ ሊድን የሚችለውንም ያጠፋል። ከተቻለ ፎቶ አንሱ፤ በዚያው ቀን ተናገሩ። ከዚያም አንድ ነገር ጠይቁ፦ ከመቆረጡ በፊት መኪናው ወደ ለጠፈው ሱቅ ተመልሶ ይታይ። ጠርዙ በራሱ የተነሳ ወይም ከሳምንታት በኋላ የአየር ቋጠሮ ያወጣ ቲንት የአለጣጠፍ ጉድለት ሊኖርበት ይችላል፤ ብዙ ሱቆችም ለሥራቸው ዋስትና ይሰጣሉ። ጠራጊዋ ያበላሸችው የሚመስለው አንዳንዴ ለጣፊው በትክክል ያልሠራው ነው። ያለ ምርመራ ከደመወዝ መቁረጥ ማለት የሱቁን ጉድለት ሠራተኛዋ ትክፈል ማለት ነው።

ተቆረጠ ከተባለም በምን ምክንያትና ስንት እንደተቆረጠ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ያልተስማማችሁበትን ወረቀት ሳታነቡ አትፈርሙ። ደመወዝ በውል የተወሰነ መብት ነው፤ የቤቱ ኪሳራ ሁሉ የሚሞላበት ሣጥን አይደለም። በየአገሩ የቤት ሠራተኞችን አቤቱታ የሚቀበል የመንግሥት መሥሪያ ቤት አለ። እዚያ ስትደርሱ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ለአስተርጓሚውም «አልነገሩኝም» ከማለት ይልቅ «በዚህ ቀን ጠየቅሁ፣ እንዲህ ተባልኩ» ማለት የሚያስገኘውን ልዩነት በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ጥሩ አሠሪዎች ብዙ ናቸው። ሲጠየቁ የሚደሰቱ፣ ለዕቃቸው የሚያስብ ሰው ስላገኙ የሚያመሰግኑ አሉ። እነሱ ቤት ያላችሁ ይህን ሁሉ ማድረግ አይከብዳችሁም። የማይወዱት ቤት ያላችሁ ደግሞ ከማንም በላይ ያስፈልጋችኋል። በሁለቱም ቤት ግን ጥያቄው አንድ ነው፤ ዕቃው ውድ ከሆነ፣ እንዲጠበቅ የሚፈልገው ሰው አጠባበቁን ለሚጠብቀው ሰው ይንገር። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ ሥራን በአግባቡ መሥራት ነው።